ካላዲየምዎ ሲጠወልግ፦ ችግሩን ከአፈሩ ጀምሮ የመመርመርና የማከም ዝርዝር መመሪያ

ካላዲየም የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠሉ በነጭ፣ በሮዝና በቀይ የተዥጎረጎረ፣ አበባ ሳያስፈልገው በቅጠሉ ብቻ ቤትን የሚያደምቅ ተክል ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደኖች፣ በተለይም ከአማዞን ተፋሰስ ሲሆን፣ ጎደሬና ነጩ የካላ አበባ የሚገኙበት የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው። እንደ ጎደሬ ሁሉ ስንቁን የሚያከማቸው ከአፈር በታች ባለ ድንች መሰል አካል ውስጥ ነው፤ ይህንን አካል በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ «ድንቹ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ቅጠሎቹ ሁሉ ቢረግፉም ድንቹ ደህና ከሆነ ተክሉ አልሞተም። ቅጠሎቹ ለጊዜው አምረው ቢታዩም ድንቹ መበስበስ ከጀመረ ግን ተክሉን ለማዳን የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ስለ ካላዲየም በብዛት የሚነበበው ምክር የተጻፈው ሞቃት ለሆኑ አካባቢዎች ነው። ለዓለም ገበያ የሚቀርበው የካላዲየም ድንች አብዛኛው በሚመረትባት በፍሎሪዳዋ የሌክ ፕላሲድ ከተማ ዙሪያ ዝናቡና ሙቀቱ በአንድ ወቅት አብረው ይመጣሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን ዝናቡ የሚመጣው ከብርድ ጋር ነው። ካላዲየም እርጥብና ሞቃት አፈርን ይወዳል፤ ደረቅና ለዘብ ያለ ቅዝቃዜን ተኝቶ ያልፈዋል፤ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈርን ግን አይችለውም። በደጋ ከተሞቻችን የሚሞተው ካላዲየም በአብዛኛው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ቅጠላቸው የተንጠለጠለ አራት ካላዲየሞቼን ውሃ የጠማቸው መስሎኝ በየቀኑ አጠጣኋቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሰሮዎቹን ስገለብጥ የሦስቱ ድንች በስብሶ እንደ አጥሚት ቀጥኖ አገኘሁት። አራተኛው የተረፈው ማሰሮው ከፍሪጅ አናት ላይ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ይህ መመሪያ በመጀመሪያ አፈሩን፣ ከዚያም ድንቹን፣ በመጨረሻም ቅጠሉን በሚያስመረምር ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ከዚያ ልምድ በመነሣት ነው።

ከመንካትዎ በፊት

የካላዲየም ቅጠል፣ ግንድና ድንች እንደ መርፌ የሾሉ፣ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክዛሌት ክሪስታሎችን ይይዛሉ። ፈሳሹ ቆዳን ያሳክካል፤ ቅጠሉ ከታኘከ ደግሞ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣልም። ቅጠሉ ከጎደሬ ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል ሁለቱን አንድ ቦታ አለመትከልና ለሕፃናት ልዩነቱን መንገር ተገቢ ነው፤ ድመትና ውሻም ሊደርሱበት አይገባም። ስለዚህ ተክሉን ሲመረምሩ ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ስለታም ቢላዋ፣ 70 በመቶ አልኮል ወይም በረኪና፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የሚቻል ከሆነም አፈር ውስጥ የሚሰካ የሙቀት መለኪያ። በረኪና የሚጠቀም ሰው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ቢላዋውን ለ10 ደቂቃ ከነከረ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ አለበት። በደቡብ የአገራችን ክፍል እንሰት የሚያመርቱ ገበሬዎች የአጠውልግ በሽታ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው በቢላዋ እንደሚተላለፍ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የካላዲየምን ቅጠል የሚያጠቃው ባክቴሪያም የአጠውልግ ባክቴሪያ ከሚመደብበት ዛንቶሞናስ ከተባለው ወገን ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ቢላዋውን ማጽዳት ግዴታ ነው።

አፈሩን ማንበብ

የጠወለገ ካላዲየም ሲያዩ ውሃ አያጠጡ። በመጀመሪያ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ላይኛው ገጽ ደርቆ ሳለ ታችኛው ጭቃ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ማሰሮውን ከነተክሉ አንሥተው ክብደቱን ይገምቱ፤ ውሃ ያዘለ ማሰሮ ከደረቀው በግልጽ ይከብዳል፣ ይህንንም እጅ በጥቂት ቀናት ልምምድ ይለየዋል። ከዚያም ከማሰሮው ሥር ያለው ሳህን ውሃ መያዙን፣ የማሰሮው ቀዳዳ መደፈኑን ወይም ጭራሹኑ ቀዳዳ የሌለው መሆኑን ይመልከቱ። ለውበት ሲባል ቀዳዳ የሌለው ሴራሚክ ውስጥ የተተከለ ካላዲየም ሌላ ምንም እንክብካቤ ቢደረግለት መበስበሱ አይቀርም።

በመጨረሻ የአፈሩን ሙቀት በማለዳ ይለኩ። ካላዲየም በደንብ የሚያድገው ቀን ከ21 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌሊት ደግሞ ከ18 ዲግሪ በማያንስ ሙቀት ነው። ከ18 ዲግሪ በታች ሥሩ ውሃ የመሳብ አቅሙ ይዳከማል፤ 15 ዲግሪና ከዚያ በታች ለቀናት ከቆየ ድንቹ ራሱ መጎዳት ይጀምራል። በክረምት ከሴራሚክ ወለል ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ማሰሮ የክፍሉ አየር ለሰው ተስማሚ ቢሆንም እንኳ አፈሩ ቀዝቅዞ ያድራል። ማሰሮውን በእንጨት መደርደሪያ ወይም ወፍራም ካርቶን ላይ ማንሣት ወጪ የሌለው፣ ነገር ግን ብዙ ተክሎችን የሚያድን እርምጃ ነው።

ከዚህ ምርመራ የሚገኘው ውጤት ከሦስት አንዱ ነው። አፈሩ ደርቆ ማሰሮው ከቀለለ ተክሉ በእርግጥ ተጠምቷል፤ ለብ ያለ ውሃ ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጥተው ከሳህኑ የተረፈውን ይድፉ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቅጠሉ ቀና ማለት አለበት። አፈሩ እርጥብና ሞቃት ሆኖ ቅጠሉ በቀትር ብቻ የሚጠወልግና ማታ የሚያገግም ከሆነ ተክሉ የሚሸሸው የፀሐይን ግለት ስለሆነ ቦታውን መቀየር ይበቃል። አፈሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ሆኖ ቅጠሉ ሌሊቱንም ተንጠልጥሎ የሚያድር ከሆነ፣ በተለይም የቅጠሉ አንገት አፈሩን በሚነካበት ቦታ ላይ ለስልሶ ከተገኘ፣ ጊዜ ሳያባክኑ ድንቹን ማውጣት ያስፈልጋል።

ሕመም ነው ወይስ እንቅልፍ?

ድንቹን ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ካላዲየም በየዓመቱ ለአራትና ለአምስት ወራት ቅጠሉን ጥሎ የሚተኛ ተክል ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ተክሉ የታመመ መስሎት ውሃና ማዳበሪያ ይጨምርበታል፤ ተኝቶ የነበረውን ድንች የሚያበሰብሰውም ይኸው ርኅራኄ ነው።

እንቅልፍን ከሕመም የሚለዩት ምልክቶች ግልጽ ናቸው። በእንቅልፍ ጊዜ መጀመሪያ የውጪዎቹ አሮጌ ቅጠሎች ይገረጣሉ፣ ከዚያ የውስጦቹ ይከተላሉ፤ አዲስ ቅጠል መውጣቱ ቀስ በቀስ ያቆማል፤ የሚረግፈው ቅጠል ይደርቃል እንጂ አይሸትም፣ አይለሰልስም። ሕመም ግን ሥርዓት የለውም፤ ገና ሳይፈታ የተጠቀለለውን አዲስ ቅጠል ያጠቁራል፣ አንዱን ጎን ብቻ ይመታል፣ ወይም ተክሉን በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ይጥለዋል። አዳዲስ ቅጠሎች እየወጡ አንድ አሮጌ ቅጠል ብቻ ቢጫ መሆኑ ደግሞ ምንም አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ዕድሜ አለውና።

ድንቹን አውጥቶ መመርመርና ማከም

ማሰሮውን በጋዜጣ ላይ በጎኑ አስተኝተው፣ ግድግዳውን ዙሪያውን መታ መታ በማድረግ የአፈሩን ጓል ከነሥሩ እንዳለ ያውጡት። ተክሉን በቅጠሉ አንገት ይዘው አይጎትቱ፤ ታሞ ከሆነ ይቆረጥና ድንቹ አፈር ውስጥ ይቀራል። አፈሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ካራገፉ በኋላ የቀረውን ለብ ባለ ውሃ ያጥቡት።

በመጀመሪያ ያሽትቱ። ጤነኛ ድንች የአፈር ሽታ ብቻ አለው፤ ክፉ ሽታ ካለው ባክቴሪያ ገብቶበታል። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ዙሪያውን ይጫኑት። ጤነኛው እንደ ጥሬ ድንች ጠንካራ ነው። ለስልሶ የሚሰረጉድና ውሃ የሚያወጣ ክፍል ካለው ይህ እርጥብ ብስባት ነው፤ በሰዓታትና በቀናት የሚስፋፋ፣ ከመጠን ያለፈ ውሃና የአየር እጦት የሚያመጣው ነው። ላዩ ቡናማ ሆኖ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ጠመኔ ነጭና ዱቄታማ ከሆነ ደግሞ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው ደረቅ ብስባት ነው፤ ይህኛው በአብዛኛው የሚጀምረው ድንቹ በማከማቻ ውስጥ ሳለ፣ በብርድ ወይም በቁስል ምክንያት ነው። ድንቹ ደህና ሆኖ ሥሮቹ ብቻ ቡናማ ሆነው፣ ሲጎተቱ ቆዳቸው እንደ ሽፋን ተላጦ ቀጭን ክር ብቻ የሚተርፍ ከሆነ ፒቲየም የተባለው የሥር አበስባሽ ሥራ ነው። አንዳንዴ፣ በተለይ በሞቃት ቆላማ አካባቢ፣ ከአንገቱ ሥር ነጭ የጥጥ ድር የመሰለ ነገርና በላዩ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ እንክብሎች ይታያሉ፤ እነዚህ እንክብሎች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ ያ አፈር ለሌላ ተክል ፈጽሞ መዋል የለበትም።

ሕክምናው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የበሰበሰውን ክፍል በጸዳ ቢላዋ ይቁረጡ፤ መቁረጡንም የተቆረጠው ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ቀለምና ጥንካሬ እስኪኖረው ድረስ ይቀጥሉ። አንዲት ቡናማ ነጥብ መተው ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። በእያንዳንዱ ቁርጥ መካከል ቢላዋውን በአልኮል ይጥረጉ። የተረፈው ክፍል ቢያንስ አንድ የበቀለ ወይም ያበጠ «ዓይን» (ቡቃያ የሚወጣበት ነጥብ) ካለው፣ መጠኑ የለውዝ ፍሬ ሁለት እጥፍ ቢያህል እንኳ፣ ተስፋ አለው። ዓይን ከሌለው ግን ሊበቅል አይችልም።

ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው አይትከሉት። በጋዜጣ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ሞቃትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይተዉት፤ ቁስሉ ደርቆ እንደ ቡሽ ያለ ቆዳ ያወጣል። ብዙ ሰዎች በቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ወይም ከሰል ይነሰንሳሉ። እርጥበቱን ስለሚመጥ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የሚያድነው ዱቄቱ ሳይሆን ድርቀቱና ሙቀቱ ነው፣ ቀረፋ ተነስንሶበት በብርድ ክፍል የተቀመጠ ድንች መበስበሱን ይቀጥላል። ለድንችና ለቲማቲም ዋግ ተብሎ በየገበያው የሚሸጠው ማንኮዜብ የተባለው የፈንገስ መድኃኒትም በዚህ ጊዜ ብዙ አይረዳም፤ ጤነኛ ገጽን ከፈንገስ ለመከላከል እንጂ አስቀድሞ ውስጥ የገባን ብስባት፣ ይልቁንም ባክቴሪያን፣ ለማዳን የተሠራ አይደለም።

የደረቀውን ድንች በአዲስ አፈር፣ በታጠበ ማሰሮ ውስጥ ይትከሉ። መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ ለካላዲየም ፈጽሞ አይሆንም። እኔ የምጠቀምበት ቅልቅል ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራው ኮኮፒትና አንድ እጅ በግንባታ ሠራተኞች ዘንድ ሬድ አሽ የሚባለው ደቃቅ ቀይ ጠጠር ነው፤ የመጨረሻው ርካሽና በየሰፈሩ የሚገኝ ስለሆነ አፈርን የሚያላላውን ውድ ፐርላይት መፈለግ አያስፈልግም። ለአንድ ድንች አፉ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ማሰሮ ይበቃል፤ ትልቅ ማሰሮ ሥሩ ሊጠጣው የማይችለውን ውሃ ያቁራል። ዓይኑን ወደ ላይ አድርገው ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይቅበሩት፣ አንድ ጊዜ በመጠኑ ያርጥቡት፣ ከዚያ ቡቃያው እስኪታይ ድረስ አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ ብቻ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ።

በቅጠሉ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

ድንቹ ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ ቅጠሉን መመርመር ይቻላል። በነጩ ወይም በሮዙ ክፍል ላይ ብቻ የሚታይ፣ ወረቀት የመሰለ ደረቅ ቡናማ ቦታ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ እነዚህ ክፍሎች አረንጓዴው ቀለም ስለሚያንሳቸው ስሶችና በቀላሉ የሚቃጠሉ ናቸው። እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ በመስከረም ጥላ የነበረ የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ካላዲየሙን ሊያቃጥለው ይችላል፤ «የሰሜን መስኮት ሁልጊዜ ጥላ ነው» የሚለው የውጭ አገር ምክርም በግንቦት ለእኛ አይሠራም። የማለዳ ፀሐይ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በስስ መጋረጃ የተጣራ ብርሃን ለአብዛኛው ካላዲየም ይስማማዋል። ጠባብና ረዘም ያለ ቅጠል ያላቸው ዓይነቶች ሰፊ ቅጠል ካላቸው ይልቅ ፀሐይን ይቋቋማሉ።

በተቃራኒው ቀለሙ ደብዝዞ አረንጓዴው እየሰፋ ከመጣና አንገቱ ረዝሞ ወደ መስኮቱ ከተጋደመ ብርሃን አንሶታል፤ ወይም ናይትሮጅን በዝቶበታል። 46 በመቶ ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ ለማሳ እንጂ ለማሰሮ አይደለም፤ አንድ ቁንጥር እንኳ ሥሩን ሊያቃጥል ይችላል። የቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያውን ቡናማ ከሆነና በአፈሩ ወይም በማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ የማዳበሪያና የውሃ ጨው ተከማችቷልና፣ በሞቃት ቀን ከማሰሮው መጠን ሁለት እጥፍ የሚሆን ውሃ በቀስታ በማፍሰስ ማጠብ ይገባል። ጠርዙ ደርቆ ቅርፊት ከሌለ ችግሩ የአየር ድርቀት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በክረምት ማሞቂያ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በኤሲ ፊት ካላዲየም ያስቀመጡ ወገኖቻችን ይህን ምልክት ደጋግመው ያዩታል፤ ተክሉን ከነፋሱ አቅጣጫ ማራቅና ጠጠርና ውሃ በያዘ ሰፊ ሳህን ላይ፣ የማሰሮው ሥር ውሃውን ሳይነካ ማስቀመጥ ይረዳል። ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨትን አልመክርም፤ እርጥበቱን ለደቂቃዎች ብቻ ጨምሮ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል።

በማለዳ በቅጠሉ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ጥርት ያለ የውሃ ጠብታ ግን በሽታ አይደለም፤ ተክሉ ሌሊት የተረፈውን ውሃ የሚያስወጣበት መንገድ ነው።

ውሃ የጠገበ የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጥብ ጀምሮት፣ ቀስ በቀስ ቡናማ የሚሆንና ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት የሚያወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጠሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚገባ ነጥብ ከላይ የተጠቀሰው የዛንቶሞናስ ባክቴሪያ ምልክት ነው። የተጠቃውን ቅጠል ከነአንገቱ ቆርጠው ያቃጥሉ ወይም በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። ውሃን በአፈሩ ላይ ብቻ ያጠጡ፣ ማሰሮዎቹን ያራርቁ፣ በረንዳ ላይ ያሉትንም ከቆርቆሮ ጠርዝ ከሚወርደው የዝናብ ውሃ ያርቁ፤ ባክቴሪያው ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚጓዘው በውሃ ፍንጣቂ ነውና። መዳብ ያለበት የሚረጭ መድኃኒት ስርጭቱን ያዘገየዋል እንጂ የታመመውን ቅጠል አያድንም። በክረምት የሚታይ ጠርዙ የተቀደደ ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የበረዶ ጠጠር ምት ሲሆን ሕክምና አያሻውም። ጠርዙ የለሰለሰ፣ በአጠገቡ የደረቀ የለሃጭ መስመር ያለው ቀዳዳ ከሆነ ግን ቀንድ አውጣ ነው፤ ማታ በባትሪ መብራት ፈልጎ መልቀሙ ከማንኛውም መርዝ ይበልጣል።

ተባዮች

የቅጠሉን ጀርባ በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ ይመልከቱ። ቅጠሉ በጥቃቅን የገረጡ ነጥቦች ተሞልቶ፣ በጀርባው ስስ ድር ካለበት ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ደረቅና ሞቃት አየር ያባዛዋል። አዳዲስ ቅጠሎች ላይ ተጠጋግተው የሚቀመጡትና የሚያጣብቅ ፈሳሽ የሚተዉት ክሽክሾች ናቸው። በአንገቱ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ክምር ሚሊባግ ነው፤ ይህንን በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ መጥረግ ይቻላል።

ለቀሩት በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው የቅጠሉን ጀርባ በደንብ ያርሱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ይህንን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን እያለፈ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መድገም የግድ ነው፤ ሳሙናው እንቁላሉን አይገድልምና አንድ ጊዜ ብቻ ማጠብ ተባዩን አያጠፋውም። የካላዲየም ቅጠል ስስ ስለሆነ በመጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፤ የኒም ዘይት የሚጠቀሙም ከሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብቻ ይርጩ።

ሊድኑ የማይችሉትና ለማከም የሚያስቸግሩት

በቅጠሉ ደም ሥሮች ዳር እንደ ላባ የተበተነ የገረጣ ዝንጉርጉር መስመር ከታየ፣ ከዓይነቱ የተፈጥሮ ቀለም ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ ቅጠሎቹም ከዓመት ዓመት እያነሱና እየተጣመሙ ከመጡ፣ ዳሺን ሞዛይክ የተባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ዳሺን ከጎደሬ የውጭ ስሞች አንዱ ነው፤ ቫይረሱም ጎደሬን፣ የካላ አበባንና ዲፈንባኪያ የተባለውን የቤት ተክል ጨምሮ የዚህን ቤተሰብ ብዙ ተክሎች ያጠቃል። በክሽክሽ አማካይነት ይተላለፋል፤ ከታመመ ድንች የተከፈለ እያንዳንዱ ቁራጭም ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም። ለዓመታት የያዙትን ተክል መጣል ያሳዝናል፤ ነገር ግን ለጎረቤት ከፍሎ መስጠት የጎረቤትንም ጎደሬ ማስያዝ ነው፣ ስለዚህ መጣሉ የግድ ነው።

በሥሮቹ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ደግሞ ኔማቶድ የተባለው ጥቃቅን የሥር ትል ምልክት ናቸው። ይህኛው፣ ድንቹ ቅጠሉን ጥሎ በተኛበት ጊዜ፣ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ በመንከር ሊታከም ይችላል። ሙቀቱ በእጅጉ ካነሰ ትሉ ይተርፋል፤ በእጅጉ ካለፈ ድንቹ ይቀቀላል። ስለዚህ ትክክለኛ መለኪያ የሌለው ሰው ይህንን ባይሞክር ይሻላል። ከሙቁ ውሃ ካወጡት በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አብርደው በፍጥነት ያድርቁት።

አልበቅል ያለ ድንች

ከተተከለ አንድ ወር ያለፈው ድንች ሳይበቅል ሲቀር ብዙ ሰው ውሃ ይጨምርለታል። የጎደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። አፈሩ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሲሆን ቡቃያው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ በ20 ዲግሪ ግን ከሁለት ወር በላይ ሊቆይ ይችላል። በአዲስ አበባና በመሰል ደጋ ከተሞች የተሻለው የመትከያ ወቅት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ነው፤ ተክሉ ክረምቱ ሳይገባ ሥር ይይዛል። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭና በድሬዳዋ ያለ ሰው በዚህ ብዙም አይገደብም። ማሰሮውን ከፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥና አፉን አየር ማስገቢያ በተበሳ ግልጽ ላስቲክ መሸፈን ጥቂት ዲግሪ ይጨምርለታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ አፈሩን ከላይ በጣትዎ ገለጥ አድርገው ድንቹን ይጫኑት፤ ጠንካራ ከሆነ መልሰው ይሸፍኑትና ይታገሡ። ተገልብጦ ተተክሎ ከተገኘም ምንም አይደለም፣ ዓይኑን ወደ ላይ ያዙሩት።

የእንቅልፉ ወራት አያያዝ

በሚቀጥለው ዓመት የሚታየው ሕመም ብዙው የሚዘራው በዚህ ጊዜ ነው። ቅጠሎቹ ሲገረጡ ውሃውን ይቀንሱ፣ ከግማሽ በላይ ሲረግፉም ያቁሙ። ቅጠሉን በአረንጓዴነቱ አይቁረጡት፤ ስንቁን ወደ ድንቹ እየመለሰ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ድንቹን አውጥተው በጥላ ለአንድ ሳምንት ያድርቁት፣ ከዚያ በደረቅ ኮኮፒት ወይም በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ፣ ድንቾቹ እንዳይነካኩ አድርገው በወረቀት ካርቶን ያስቀምጡ። ላስቲክ ከረጢት ያልበዋልና አይሁን። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ እንዳይወርድ ካርቶኑን ከኩሽና መደርደሪያ ላይኛው ክፍል ማስቀመጥ ይመረጣል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ በሚገባበት በረንዳ ወይም መጋዘን የተቀመጠ ድንች ላዩ ደህና ቢመስልም ውስጡ ጠመኔ ሆኖ ይገኛል።

በየወሩ ካርቶኑን ከፍተው እያንዳንዱን ይጫኑ፤ የለሰለሰውን ወዲያው ያውጡ፣ ተጨማድዶ የቀለለውን በአንድ ማንኪያ ውሃ ባረጠቡት ኮኮፒት ይክበቡት። ከዓይኑ ላይ የጠቆመ ሮዝ ወይም ነጣ ያለ ቀንበጥ ብቅ ሲል፣ ሌሊቱም ለብ ማለት ከጀመረ፣ ማሰሮውን ያዘጋጁ።